ባሕር የሌለው ሰው ስለ ኮራል ምን አገባው? የወሎ ጉዞ ማስታወሻ

ጉዞው ለኮራል ተብሎ የተጀመረ አይደለም። አክስቴ ደሴ ናት። "ከጥምቀት በኋላ ብቅ በል፣ ዓይንህን ልየው" ስትለኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ይዤ ነበር። የባሕር ኮራል፣ ባሕር ሥር አበባ መስሎ የሚያድገው ፍጥረት፣ በሙቀት እያለቀ ነው፤ ይህን ማስቆም የማን የፖለቲካ ኃላፊነት ነው? የሚል። አንድ ወዳጄ ረቂቁን አይቶ ሳቀብኝ። "ወደብ እንኳ የለንም፣ አንተ ስለ ኮራል ትጨነቃለህ?" አለ።

ቀልዱ ገብቶኛል። ግን ጉዳዩ ወደ ደጃችን እየመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ከእሱ በፊት ያለውን ኮፕ 31 ቱርክ አንታሊያ ላይ ታስተናግዳለች። ድርድሩን የምትመራው ግን አውስትራሊያ ናት። አውስትራሊያ የዓለም ትልቁ የኮራል ሪፍ፣ ኮራል ባሕር ውስጥ የሠራው ግንብ፣ ባለቤት ናት። ከዓለም ዋነኛ የድንጋይ ከሰል ሻጮችም አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ ያገባናል ባይ ነኝ።

ዓርብ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ከመነሳታችን በፊት የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ረዳቱ "አብሽሩ!" አለ። በቃ፣ ተነሳን።

ደብረ ብርሃን እንደ ወትሮው ብርድ። የጣርማበር ዋሻ። ከዚያ ቁልቁለት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽሮ በላን፤ ዓርብ ነዋ። ከሚሴ ስንደርስ ሰው ሁሉ ጃኬቱን አወለቀ፤ ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንወጣ መልሶ ለበሰ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ክረምትም በጋም አለ።

መንገድ ላይ ያነበብኩት ነገር ደስ አይልም። በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የብዙ ሳይንቲስቶች ሪፖርት ነው። የአየር ንብረት ደፍ አለ፤ ከተሻገሩት መመለስ ያስቸግራል። ዓለም የተሻገረችው የመጀመሪያው ደፍ የሞቃት ባሕር ኮራል ነው ይላል። ደፉ የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 1.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አካባቢ ነው። አሁን ያለነው 1.4 ገደማ ላይ ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት የሳይንስ ፓነል በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቁጥርም አለ። ጭማሪው 1.5 ሲደርስ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል ይጠፋል፤ 2 ዲግሪ ከደረሰ ከ99 በመቶ በላይ። ፖለቲከኞች ፓሪስ ላይ በ2015 (እ.ኤ.አ.) "ከ2 ዲግሪ በታች፣ ከተቻለ 1.5" ብለው ሲስማሙ ለኮራሉ ያስቀሩለት ይህንን ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስልኬን አጮልቀው አይተው "ምንድን ነው የሚያሳዝንህ ልጄ?" አሉኝ። "ሥራ ነው እማማ" አልኩ። ቆሎ ሰጡኝ።

ቅዳሜ

የአክስቴ ቤት ሆጤ አካባቢ ነው። ከበሩ ስትወጣ ጦሳ ከላይ ያይሃል። ሳሎኗ ውስጥ ያለው ብፌ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እዚያ ላይ፣ ከባሏ ፎቶ አጠገብ፣ አንድ ነጭ ቅርንጫፋም ነገር ተቀምጧል። ልጆች ሆነን እንዳንነካው የተከለከልነው ነገር ነው።

ኮራል ነው። የአክስቴ ባል አሰብ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. እንደ ብዙ የወሎ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ በባቲ በኩል ተመለሰ። ያኔ አሰብ ለደሴ ልጅ ሩቅ አገር አልነበረም። ሥራ ያጣ ወጣት ቁልቁል ይወርዳል፤ ጭኖ ወይ አራግፎ ይኖራል። ከዚያ ዘመን ለቤቱ የቀረው ይህ ቁራጭ ነው።

አክስቴ ቡና እየቀዳች "ጀባ" አለችኝ። ወደ ብፌው ሳይ አየችኝ።

"እሱ አላህ ይዘንለትና፣ ባሕሩ ሥር የአበባ ማሳ አለ ይለኝ ነበር። ታዲያ ለእኔ ድንጋይ አመጣህልኝ እያልኩ እስቅበት ነበር።"

ድንጋይ አይደለም አልኳት። እንስሳ ነው። ይልቅስ የብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ከኖራ መሰል ነገር ቤቱን ይሠራል። ሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። ኪራዩን በምግብ የሚከፍል ደባል በይው። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣል። ቀለሙም በአመዛኙ የእሱ ነው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ እንኳ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ግን ነገሩ ይበላሻል። ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል፤ መራብ ይጀምራል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ያገግማል። ካልበረደ ይሞታል።

"ታዲያ ይሙት፣ ምን ይጠቅማል?" አለች አክስቴ። ክፋት የላትም፤ መልስ ስትፈልግ እንዲህ ነው የምትጠይቀው።

ኮራል የውቅያኖስን ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ሩቡ ገደማ በሆነ የሕይወቱ ዘመን ይጠለልበታል። ዓሣው እዚያ ይፈለፈላል፤ ማዕበሉ እዚያ ይሰበራል። የምፅዋ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው።

"እና ማን አሞቀው?"

እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ፤ ለዚህ ጥያቄ ነበር ስጽፍ የሰነበትኩት። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ምድርን ያሞቃል። ከተጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። ከ2023 ጀምሮ ኮራል በዓለም ዙሪያ መንጣት ያዘ፤ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ክስተቱ አራተኛው ዓለም አቀፍ ንጣት ተብሎ ታወጀ። እስከ 2025 ድረስ ከዓለም የኮራል ሪፍ 84 በመቶ ገደማውን የሚያነጣ ሙቀት ነካው። ይህንን ያደረገው የአሰብ ዓሣ አጥማጅ አይደለም። ባሕር ዳርቻ የሚዋኝ ቱሪስትም አይደለም። ፈቃድ የሚፈርም ሰው አለ። ማዕድን ቆፍሩ የሚል፣ ድጎማ የሚመድብ፣ ቀነ ገደብ የሚያራዝም ሰው። ስምና ቢሮ አለው።

አክስቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ስለ 66ቱ ረሃብ ማውራት ጀመረች። ያኔ ልጅ ነበረች። ከራያና ከየጁ የመጣ ሰው መንገድ ዳር ተኝቶ ታስታውሳለች። "ዝናቡ ቀረ፤ እሱ ከፈጣሪ ነው እንበል። ግን ሰው እየሞተ ምንም የለም ተባለ እኮ። እሱ ከማን ነው?" አለች።

የወሎ ሰው ይህንን ልዩነት ከማንም ሳይማር ያውቃል። የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ወሬው አፈትልኮ ሲወጣ ቁጣው ከሌሎች ብሶቶች ጋር ተደምሮ በ1966 ዓ.ም. የተጀመረውን አብዮት አቀጣጠለ። ያን ጊዜ የተጠየቀው ዝናቡን ማን አስቀረው ተብሎ አይደለም። ያወቀ ሰው ምን አደረገ ተብሎ ነው። የኮራሉንም ነገር የማየው በዚህ ዓይን ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ንጣት የተመዘገበው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ አላወቅንም ብሎ መማል ያስቸግራል።

ማታ ፒያሳ ወጣ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። የደሴ ብርድ አጥንት ይገባል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

እሑድ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ሄድኩ። በጠዋት ገዳሙን ተሳለምኩ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት። ስለ ገዳሙ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የመጣሁት ለውሃው ነው።

ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ደለሉም፣ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ወደዚህ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)። ዛሬ ብዙ ወጣት በእሱ ይተዳደራል። ዳር ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ጥብስ አዘዝኩ። ሎሚና ሚጥሚጣ፣ ሌላ ምንም። ይህን ዓሣ አለማወደስ አይቻልም።

መረብ የሚጠግኑ ልጆች አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓሣው እያነሰ ነው ወይ አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ።

"ሁሉም የሚጠይቀው እኛን ነው። የመረባችሁ ቀዳዳ ጠበበ ይሉናል፤ ይለኩታል፤ ይወስዱታል። እሺ፣ ልክ ናቸው፣ አንዳንዱ ያጠባል። ግን ደለሉን ማን ይለካዋል? ያ የማነው?"

ተቆጣጣሪው ስሕተት ሠራ አላልኩም። ጠባብ መረብ ጫጩቱን ያስቀራል፤ መከልከል አለበት። ልጁ ያለው ግን የኮራሉ ፖለቲካ ውስጥ በትልቁ አለ። ቅርብ ያለውን፣ ትንሹን፣ የሚያዘውን መያዝ።

አውስትራሊያን ውሰዱ። ትልቁ ሪፏ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በጅምላ ነጥቷል። ዓመታቱን ተራ በተራ አንብቧቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ እየጠበበ ነው። ቶሎ የሚያድገው የኮራል ዓይነት እንኳ ለማገገም 10 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መንግሥት ምን አደረገ? በ2018 ለአንድ የሪፍ ፋውንዴሽን 443 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ከእርሻ የሚታጠበውን ቆሻሻ ለመቀነስ፣ ኮራል የሚበላውን ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ ለማጥፋት፣ ለምርምር ነው። ሁሉም ጥሩ ሥራ ነው። በዓመቱ፣ በ2019፣ ካርማይክል የተባለው የከሰል ማዕድን የመጨረሻ ፈቃዱን አገኘ። ከሰሉ የሚጫነው ከሪፉ ፊት ለፊት ካለው አቦት ፖይንት ወደብ ነው።

በ2021 ደግሞ የዩኔስኮ ባለሙያዎች ሪፉ "አደጋ ላይ ያለ ቅርስ" ተብሎ ይመዝገብ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የአውስትራሊያ መንግሥት አገር ላገር ዞሮ ሎቢ አደረገ፤ ተሳካለት፤ አልተመዘገበም። ሪፉን ከሙቀት ለማዳን እንዲህ የዞሩ ሚኒስትር ቢኖሩ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ለፍትሕ ያህል፣ በ2022 የተመረጠው መንግሥት የልቀት ቅነሳውን በሕግ አጽድቋል፤ በ2030 በ43 በመቶ። ግን ወደ ውጭ የሚላከው ከሰል እዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የሚቆጠረው ተገዝቶ በተቃጠለበት አገር ነው። ሙቀቱ ግን ደረሰኝ አይጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ልጆቹ ታንኳቸውን ወደ ዳር ሳቡ። እኔም ወደ ደሴ።

ሰኞ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል። ደጋውና ቆላው የሚገናኙት እዚህ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል፣ የደጋው ሰው እህልና በርበሬ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ሁሉም የየራሱን ይዞ። ድሮ አሞሌ ጨውም በዚሁ ያልፍ ነበር። ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ጨው የመጣበት የዳናኪል ዝቅታ የቀይ ባሕር አካል ነበር ብል ያ ወዳጄ እንደገና ይስቃል። ግን ነበር። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ እዚያ ገብቶ ነበር፤ ዛሬም በዝቅታው ዳር ዳር ደርቆ የቀረ የኮራል ሪፍ ይታያል። ያ የሞተው ባሕሩ ሲሸሽ ነው፤ ማንም አይከሰስም።

የአክስቴ ልጅ የቦቴ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ ሲመለስ ባቲ ላይ ተገናኘን። ፍየል ጥብስ ቀረበ። ከልጅነታችን ጀምሮ በሁሉም ነገር እንከራከራለን።

"አንተ ኮራል ገዳይ" አልኩት።

"ሂድ ወዲያ! እኔ ካልጫንኩ አምቡላንሱ በምን ይሄዳል?" አለ።

እውነቱን ነው። ክርክሩን ግን አልተወውም። "መንግሥት እኮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፣ እኛ ከማን እናንሳለን?" አለ። ይህም እውነት ነው። ኢትዮጵያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። የመብራት ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። ውሳኔው ለኮራል ተብሎ አይደለም፤ ነዳጅ ዶላር ስለሚበላ ነው። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ውሳኔው ቅን ይሁን ስስታም፣ ለባሕሩ ያው ነው።

ጅቡቲ ባሕሩን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ሻይ ጠጥቷል። ውስጡን አይቶት አያውቅም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ኮራል አለ። እሱ የሚያውቀው ወረፋውን፣ ሙቀቱንና ጉምሩኩን ነው።

ስለ ቀይ ባሕር አንድ ነገር ነገርኩት። የሰሜኑ ጫፍ፣ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ከሌላው ይልቅ ሙቀት ይችላል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ደስ ይላል። ከበረዶ ዘመን በኋላ ኮራል ወደ ቀይ ባሕር የገባው በደቡቡ በር በባብ ኤል መንደብ ነው፤ ያ አካባቢ እጅግ ሞቃት ነው። እዚያ የተረፈው ብቻ ወደ ሰሜን አለፈ። ስለዚህ ሰሜን ያለው ኮራል ከአቅሙ በታች በሆነ ሙቀት ነው የሚኖረው። ምናልባት ከዓለም ሁሉ መጨረሻ የሚቀረው ይህ ይሆናል። ከአሰብ አፍንጫ ሥር ያለፈ ኮራል!

"ታዲያ ተረፈ ማለት ነው" አለ።

ከሙቀቱ ቢተርፍ ከነዳጅ መፍሰስ መትረፍ አለበት። የመን ባሕር ላይ ሴፈር የሚባል ያረጀ መርከብ ለዓመታት ቆሞ ነበር። በሆዱ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ። ጦርነት ስለነበር ማንም አይጠግነውም። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገንዘብ ለምኖ፣ ከተፋላሚዎቹ ጋር ተነጋግሮ፣ በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አዛወረው። በጦርነት መካከል! ይህንን ታሪክ የምወደው "አይቻልም" የሚሉ ሰዎችን ዝም ስለሚያሰኝ ነው።

ከምሳ በኋላ ግመል ተራ ሄድን። ከአንድ አፋር ሽማግሌ ጋር ተጨዋወትን፤ የአክስቴ ልጅ ያውቃቸዋል። ስለ 2008 ዓ.ም. ድርቅ አነሱ። ከብቱ አለቀ፣ ፍየሉ ተረፈ፣ ግመሉ ከሳ። ያ ዓመት ኤል ኒኞ ነበር። የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ክረምታችን ይዳከማል። በዚያ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ያው ኤል ኒኞ፣ የሰው ልጅ በጨመረው ሙቀት ላይ ተደርቦ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባሪየር ሪፍ ላይ ከነበረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚኖር ኮራል 30 በመቶ ገደማውን ገደለ። የሽማግሌው ከብትና የአውስትራሊያ ኮራል በአንድ ወቅት፣ በአንድ የውሃ ሙቀት አለቁ።

ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ግራ ገባኝ። የአክስቴ ልጅ በራሱ መንገድ ነገራቸው። ሽማግሌው አዳመጡ። "የእነሱ ባሕር የሞተ ጊዜ መንግሥታቸው ካሳ ሰጠ?" አሉ። ለቱሪዝሙ የተወሰነ ድጋፍ አልኩ። "ለእኛም ስንዴ ሰጡ" አሉና ወደ ግመላቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ

ወደ ኩታበር ወጣሁ። ጥር ነውና ተራራው ሁሉ ሰው ነው። የተፋሰስ ሥራ ነው። ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ፣ ያለ ክፍያ፣ እርከን ይሠራል፤ ድንጋይ ይክባል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቶች ድንጋይ በጀርባቸው ይሸከማሉ። ልጅ ያዘሉም አሉ። በግዴታ ነው በፈቃድ የሚለው ክርክር አለበት፤ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። ግን ሥራው ይታያል። ከዓመታት በፊት ራቁቱን የነበረ ገደል ሣር ይዟል።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ እዚያ "ዲኤ" ነው የሚሉት፣ በልግ እየተጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። ይህ አካባቢ በበልግ የሚኖር ነው። በልግ እንደ ድሮው አይታመንም። ከጥር እስከ የካቲት ሰማይ ሰማይ ማየት ነው።

አንድ ገበሬ አጠገቤ አረፍ አሉ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ስለ አየር ንብረት እጽፋለሁ አልኩ። "እኛም ይኸው እንጽፋለን" ብለው እርከኑን አሳዩኝ። ሳቅን።

እኚህ ሰው ለአየር ንብረት ሲሉ በየዓመቱ ጉልበታቸውን በነፃ ይሰጣሉ። ስንዝር ከሰል አላወጡም። በአንጻሩ በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ኮፕ 27 ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተካሄደ፤ በቀይ ባሕር ዳር፣ ኮራሉ ከሆቴሎቹ ደጃፍ ላይ። ተደራዳሪዎቹ ለጉዳት ማካካሻ የሚሆን ፈንድ ለማቋቋም ተስማሙ፤ ትልቅ ነገር ነው። ነዳጅን ሁሉ ቀስ በቀስ ማቆም የሚለው ቃል ግን ሳይገባ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ዱባይ ላይ ከነዳጅ "መሸጋገር" የሚል ተጻፈ። በ2025 ብራዚል ቤሌም ላይ በዋናው ስምምነት ነዳጅ የሚል ቃል እንኳ ሳይነሳ ታለፈ። ጉዳቱን እንካስ ማለትና ጉዳቱን እናቁም ማለት ለየቅል ናቸው።

ሕጉ ግን ከፖለቲከኞቹ ቀድሟል። በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ምክር ሰጠ፤ ሙቀት አማቂ ጋዝ ባሕርን መበከል ነው፣ አገሮችም የመከላከል ግዴታ አለባቸው አለ። የጠየቁት ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ከዚያ በላይ ሄደ። ግዴታውን የጣሰ አገር ካሳ እስከ መክፈል ሊጠየቅ ይችላል፤ ለነዳጅ ፈቃድና ድጎማ መስጠትም ጥሰት ሊሆን ይችላል አለ። ይህን ጉዳይ የጀመሩት የፓስፊክ ደሴቶች የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ የደሴት አገሯ ቫኑዋቱ ይዛው እስከ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሄደች። የምክር አስተያየት ነው፤ ፖሊስ የለውም። ግን ከአሁን በኋላ ፈቃድ የሚፈርም ሚኒስትር "ሕጉ አይመለከተኝም" ለማለት ይቸገራል።

ረቡዕ

ለመመለሻ አውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጊዜ ስለነበረኝ ወደ ቦርከና ሄድኩ። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ጅረቶች በፋብሪካዎቹ አጠገብ አልፈው ቦርከና ይገባሉ። ሽታውን ለመግለጽ አልሞክርም። ታች ያለ ገበሬ በዚያው ውሃ ያጠጣል፤ ከብቱም ይጠጣል። ተመራማሪዎች እነዚህን ጅረቶች መርምረው ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ለዚህ አውስትራሊያ አትከሰስም። የእኛ ፊርማ ነው። እንግዳ ጠርተን ስለ ከሰል ስንጠይቅ እሱም ስለዚህ ውሃ ይጠይቀናል፤ መጠየቅም አለበት።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ኮፕ 32 ሰምቷል፤ "ሆቴል ይወደዳል" ከሚለው ሌላ ግን ምንም አልሰማም። የጉባኤው አስተናጋጅ ረቂቁን የማዘጋጀት፣ አጀንዳውን የመግፋት ጉልበት እንዳለው ነገርኩት። እኔ ብሆን አዲስ አበባ ላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው አልኩ። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በስማቸው ተጠርተው፣ አዲስ ፈቃድ የሚቆምበት ቀን ይጻፍ። ባሕር የሌላት አገር ይህን ስትል ለራሷ ባሕር ተሟገተች አትባልም።

"አይጻፍም" አለ ቀጥ ብሎ። "ነዳጅ የሚሸጥልን ማነው? ብድር የሚሰጠንስ? እነሱ ፊት ማን ደፍሮ ይጽፋል? እኛ ገንዘብ እንጠይቃለን፣ ይሰጡናል፣ ፎቶ እንነሳለን።"

ቫኑዋቱ ከደሴ ከተማ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ይዛ ዓለምን ፍርድ ቤት አቆመች አልኩት። ቫኑዋቱ የእኛን ያህል ዕዳ የለባትም አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ነው ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸው አልኩ። ዕዳ ያለበት ሰው ነው ቀስ ብሎ የሚናገረው አለ። እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ተከራከርን። እሱም አልተረታ፣ እኔም አልተረታሁ።